ለቅሶ የታዘዘ ሰሞን

ኦክዳን ዛሬም እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ስትወጣ እየነጋ ነበር፤ ቤቷ ገባች፣ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘጋች፣ ፍራሿን በሞቀው ወለል ላይ ዘረጋች፣ ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀመጠች፣ ይኸው አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፤ ስልኩ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይጠራም። ስምንት ሰዓት ነው ያላት ሆ። ሆ አሻጋሪው ነው፤ ከቻይና በኩል እየገባ እየወጣ በድንበሩ በቱመን ወንዝ ላይ ሰው የሚያሻግር፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲናገር የሚያፏጭ ሰውዬ። «ስምንት ሰዓት ላይ እናትሽን ከማዕድን ማውጫው ጀርባ ኮረብታው ላይ አወጣታለሁ። አራት ደቂቃ ታወሪያታለሽ፤ ከዚያ በላይ አይሆንም፣ ስልክ የሚያነፈንፍ መሣሪያ አላቸው። ማታ ጨለም ሲል በበረዶው ላይ ትሻገራለች። የማውቀው ወታደር ተረኛ የሚሆነው ዛሬ ብቻ ነው፤ ከዛሬ ወዲያ በእኔ አትፍረጂ። ሰውየው ከሞተ ወዲህ ወንዙ ዳር ቁራ እንኳ ቢያርፍ ይተኮስበታል» ብሏታል። እንግዲህ ዛሬ ወይ እናቷ ትወጣለች ወይ አትወጣም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ነገር በአራት ደቂቃ ሊያልቅ ነው፣ እሷ ደግሞ እዚህ ደቡብ፣ ኢንቾን ከተማ ውስጥ፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ተነሥታ ውኃ ጠጣች፣ ተመልሳ ተኛች፣ ስልኩን አነሣች፣ ባትሪውን አየች፣ ሞልቷል፣ እንደገና አየች።

ሰኞ ነው የሞተው፣ የሸሸችው አገር መሪ፤ ማለት ሰኞ ነው የተነገረው፣ መቼ እንደሞተማ እነሱ ያውቃሉ። ሰኞ ዕለት እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ እህት ሚዮንግሂ ናት ደውላ የቀሰቀሰቻት። እህት ሚዮንግሂ የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ኅብረት መሪ ናት፤ ኦክዳን እዚህ አገር ስትገባ የጋዝ ምድጃ እንዴት እንደሚለኮስ፣ ከባንክ ማሽን ገንዘብ እንዴት እንደሚወጣ፣ የትኛው ቆሻሻ በየትኛው ከረጢት እንደሚጣል ያሳየቻት እሷ ናት፣ ውለታዋ አይካድም፤ ስትጮህ ግን ጆሮ ትበጥሳለች። «ሞተ! ኦክዳን፣ ሞተልሽ! ተነሺ እንጂ፣ እግዚአብሔር ሰማን!» አለቻት። ኦክዳንም ተነሣች። ምን ለማድረግ ተነሣች? ቀጥ ብላ ለመቆም! እጇን ከጎኗ ገጥማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ በሌሊት ልብሷ ቆመች። ወይ ጉድ! የሸሸችው ሰውዬ ሞተ ሲሏት ክብር ሰጥታ የምትቆም ሴት! «አንቺ ደደብ» አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ፣ ተቀመጠችም።

ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ድግስ ሆነ። የሩዝ ኬክ መጣ፣ የዓሣ ሾርባ መጣ፣ ኪምቺው በትልቅ ሳህን ቀረበ፣ ሾርባው ወለሉን እንዳያበላሽ ጋዜጣ ተነጠፈ፤ የዕለቱ ጋዜጣ ነዋ፣ ከነሰውየው ፎቶ። እህት ሚዮንግሂ ድስቱን ልክ አፍንጫው ላይ ልታሳርፍ ስትል ኦክዳን እጇ ቀድሟት ጋዜጣውን ሳብ አደረገችው፤ አነሣችው፣ ፊቱ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቃ ጥግ ላይ አቆመችው። ሳቁ ፈነዳ። «እህት ኦክዳን፣ ሞቶም ትፈሪዋለሽ?» አለ አንዱ። «እስቲ ተዋት፣ ዘመዷ ነው ልታለቅስለት ትችላለች» አለ ሌላው። እሷም «ልማድ ነው» ብላ አብራ ሳቀች፣ ደሟ ግን ይፈላል። ይስቃሉ! ምን አለባቸው! እዚያ በተወለደችበት ከተማ፣ ሙሳን ውስጥ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር፣ ትንባሆውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አጨሰ፣ የጠቀለለው ጋዜጣ ላይ የሰውየው ግማሽ ትከሻ ተገኘ፤ በሳምንቱ የጫማ ሰፊው ቤት ባዶ ነው፣ ሚስቱም ልጆቹም አማቱም የሉም፣ ምጣዱ እንኳ ከነምግቡ ቀርቷል። የኦክዳን እጅ ከዚያ ወዲህ የሚያውቀውን ያውቃል፤ ኢንቾን መጥቶ አይረሳም።

ፓስተሩ ግን አልሳቀም፣ ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ነው የሚያስቸግረው። ሾርባዋን ሳትጨርስ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። «እህት ኦክዳን፣ እሑድ ምስክርነት ትሰጫለሽ። የቴሌቪዥን ሰዎችም ይመጣሉ። የዚህ ሰው መሞት እዚያ ላሉት፣ ለታሰሩት ወገኖቻችን ምን ያመጣል? ሕዝቡ ማወቅ ይፈልጋል።» «እኔ ምን አውቃለሁ ፓስተር?» «አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል? በሩ ይከፈታል አይከፈትም፣ እሱን ብቻ ንገሪን።» በሩ! ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኞ ማታ አንድ ፕሮፌሰር ቀርቦ፣ ካርታ ላይ ዱላ እየጠቆመ፣ ወይ በአማኞች ላይ ያለው ስደት ይላላል ወይ ይጠብቃል ብሎ አስረዳ፤ ኤዲያ! ወይ ይዘንባል ወይ አይዘንብም ማለት ይኼ አይደል? ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረው? «ፓስተር፣ ይቅርታዎን፣ አልሰጥም» አለችው። «ፊትሽን እንሸፍነዋለን፣ ድምፅሽም ይቀየራል።» «ፊቴን ብትሸፍኑት ነገሬን ምን ልትሸፍኑት ነው? እናቴ እዚያ ናት። አልሰጥም አልኩ።» ፓስተሩ አንገቱን ነቅንቆ «ልብሽ ገና ከፍርሃት አልተፈታም፣ እንጸልይልሻለን» አላት። ጸልዩ፣ ማን ከለከላችሁ፤ ፍርሃት ግን አትበሉት፣ ስሙን ካላወቃችሁት ዝም በሉ፤ ይኼ ቁጣ ነው።

ያኔም ሞቶ ነበር፣ የአሁኑ ሰውዬ አባት። ያኔም ሰዎች በሩ ይከፈታል ብለው ነበር። ሐምሌ ነው፣ ኦክዳን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሙሳን በሙቀት ትነዳለች፣ ሰው ሁሉ ከብረት ማዕድኑም ከትምህርት ቤቱም ተነቅሎ ሐውልቱ ሥር ተንበርክኳል። ለቅሶ ታዟል። ደብተር የያዙ ካድሬዎች በሰልፉ መሃል እየዞሩ ጉንጭ ያያሉ፤ የደረቀ ጉንጭ ይመዘገባል። ፊት ለፊቷ የተንበረከከችው የሒሳብ አስተማሪዋ ራሷን ስታ ወደቀች፣ ሰውም በቅናት አያት፤ እንዲህ አሳምሮ መውደቅ ማን ይችላል? እናቷ ቡንዮ ደረቷን ትደልቃለች፣ አባቷ ዶሳም መሬት እየደበደበ ይጮኻል። ቤት ሲገቡ ግን፣ አባቷ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ለእናቷ ሲያንሾካሹክ ኦክዳን ሰማች። «አሁንማ ይሻላል፣ ልጁ እንደ አባቱ አይሆንም ይላሉ። የታሰሩትን ይፈታሉ። እናቴንም ይፈቱልኛል፣ አየሽ።» አያቷ መጽሐፍ ቅዱስ በአኩሪ አተር ድልህ ማሰሮ ውስጥ ደብቃ ተይዛ ወደ ተራራው እስር ቤት ከተወሰደች ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። አባቷ ተስፋ አደረገ። ተስፋ ሲያደርግ አፉ ላላ፤ ጉድጓድ ውስጥ አብሮት ለሚቆፍር ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለው። መስከረም ላይ መጥተው ወሰዱት፣ ጫማውን እንኳ እንዲያደርግ አልጠበቁትም፣ ከዚያ ወዲህ አለም የለምም የሚል ሰው አልተገኘም። ሰውየው ሞተ፣ እስር ቤቱ ግን ጤነኛ ነበር። ፓስተሩ እሑድ ንገሪን የሚለው ይኼን ነው እንግዲህ፣ በጭብጨባ መሃል።

ከዚያ በኋላ እናቷ የምትጸልየው የመሪዎቹን ፎቶዎች ስትወለውል ብቻ ሆነ። ግድግዳው ላይ ሁለቱ ሰዎች ተሰቅለዋል፣ አባትና ልጅ፣ በየቤቱ እንዳሉት፤ ማለዳ ማለዳ በነጭ ጨርቅ ይወለወላሉ፣ ጨርቁም ሌላ ነገር አይነካበትም፣ የራሱ ሳጥን አለው። በዚያች ሰዓት ሰው ማንንም አያናግርም፣ ማንም አያቋርጠውም። እናቷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ የሰውየውን ግንባር እያሻሸች፣ ዓይኗን ሳትከድን ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ዓይን መክደን ያስጠረጥራላ። አንድ ቀን የሰፈሩ ተጠሪ ፒልንዮ ሳታንኳኳ ገባች። ሠላሳ ቤት በእሷ ሥር ነው፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ የማን ጭስ ምን ምን እንደሚል የምታውቅ፣ ገና ከመንገዱ ጫፍ እየጮኸች የምትመጣ፣ ስታልፍ ልጆች ጨዋታ የሚያቆሙላት ሴት። «ቡንዮ፣ ምንድን ነው የምታጉረመርሚው?» «ለመሪያችን ረጅም ዕድሜ እየለመንኩ ነዋ!» አለች እናቷ፣ እጇን ሳታቆም። ፒልንዮ ቀረብ ብላ የፎቶውን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰች፣ አቧራውን አሳየቻት። «ዕድሜ ከለመንሽለት አይቀር ጥጉንም ወልውይለት» ብላ ወጣች። ኦክዳን ያን ዕለት ነገ ይመጣሉ ብላ አሰበች፣ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ፤ አልመጡም።

ኦክዳን ግን ሄደች። ሃያ ዓመት ሲሞላት «በቆሎ የሚሸጡበት አለ ይባላል፣ ሁለት ቀን ልቆይ እችላለሁ» ብላ ሄደች። እናቷ መንገድ ላይ የምትበላው የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ቋጠረችላት፣ አውቃ ነው ሳታውቅ ነው ዛሬም ድረስ አይታወቅም፣ ኦክዳንም ወንዙን በሆዷ እየተሳበች ተሻግራ፣ ቻይና ውስጥ አራት ዓመት ተደብቃ፣ እዚህ ደረሰች። ከዳችኝ አትልም እናቷ፣ አንድ ቀን እንኳ ብላ አታውቅም፤ ይኼ ነው የሚያንገበግበው፣ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ሰው ከጠፋበት ቤት የቀረው ወደ ሩቅ ተራራ ይጋዛል፣ ሕጉ ነው፤ እናቷ ግን አልተጋዘችም። ከሦስት ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ሲገናኙ «እዚህ መዝገብ ላይ ወንዝ ውስጥ ሰምጠሽ ሞተሻል፣ ነፍስሽን ይማር» ብላ ሳቀችባት፤ ኦክዳንም እናቷ ለአንዱ ጉቦ ሰጥታ ነው ብላ ተወችው፤ ከዚያ የበለጠ ለመጠየቅ አራት ደቂቃ አይበቃም። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል ሆነ። ኦክዳን ተነሥታ ልብሷን ለበሰች፣ ለምን እንደለበሰች እንጃ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ ትመጣለች፣ ትመጣለች አለች፣ ይቺን ክፍል ለሁለት እንካፈላታለን፣ እኔ ሥራ ስሄድ እሷ ትተኛለች፣ ግድግዳው ላይ ምንም አልሰቅልም፣ ሚስማር እንኳ አልመታም፣ ዓይኗን ከድና ትጸልይ፣ እስኪያማት ትጸልይ።

ስልኩ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ጮኸ።

«እማዬ!» መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ያ የምታውቀው ድምፅ። «ኦክዳን? አንቺ ነሽ?» «እኔ ነኝ እማዬ! ደህና ነሽ? በልተሻል? ወፍራም ልብስ ለብሰሻል?» «ስለ ልብስ አታውሪኝ፣ ጊዜ የለንም። ስሚኝ ልጄ። አልመጣም።» ኦክዳን የሰማችውን አላመነችም። «ምን አልሽ?» «አልመጣም አልኩሽ። ይኼ ጥርሰ ወላቃ አጠገቤ ቆሞ ያፈጥጥብኛል፣ አንቺ ንገሪው።» «እማዬ፣ ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን የለም! ሰውየው ሞቷል፣ ከዚህ በኋላ ወንዙን—» «መሞቱን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? አራት ቀን ሙሉ ያለቀስኩለት እኔ!» ሳቀች። በእግዚአብሔር፣ ኮረብታ ላይ ቆማ፣ በዚያ ብርድ፣ ሳቀች።

«ስሚ፣ አታቋርጪኝ» አለች ቡንዮ። «ማክሰኞ አደባባይ አወጡን። በረዶው እስከ ጉልበት ነው፣ ሰው ሁሉ ተንበርክኮ ይጮኻል። እኔም ልጩኽ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ሲወጣ ጸሎት ሆነ። ዕድሜ ልኬን በከንፈሬ ብቻ ያልኩትን በድምፄ አልኩት፣ ኦክዳን! ጮኼ! ሐውልቱ ሥር! በዚያ ሁሉ ዋይታ ማን ይለየዋል? አባትሽን በስሙ ጠራሁት፣ አንቺን ጠራሁሽ። ደብተር የያዘው ካድሬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፣ አየኝ፣ ጎበዝ አልቃሽ ብሎ አለፈ። ኋላ ላይ ከጎኔ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማሁ፣ ለቅሶዋ ዜማ አለው። አያትሽ ልብስ ስትዘፈዝፍ የምታንጎራጉረው፣ ቃል የሌለው የመዝሙር ዜማ የለም? እሱን። ቀና ብዬ ሳይ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ፒልንዮ።»

«ወጥመድ ነው!» ኦክዳን ብድግ አለች። «እማዬ በሞቴ፣ ወጥመድ ነው፣ ልታስበላሽ ነው፣ አሁኑኑ ከዚያ ውጪ!» «ወጥመድ ቢሆን እስከ ዛሬ ይዞኝ ነበር። ሬሳሽ ሳይገኝ ሰምጣ ሞተች ብሎ መዝገብ ላይ የጻፈልሽ ማን ይመስልሻል? ፍተሻ ስትመጣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምራ የምትጮኸው ለምን ይመስልሻል? እንድሰማት ነዋ! ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ እሷን እፈራለሁ፣ እሷ እኔን ትጠብቃለች። አንድ ቀን ሳንነጋገር! አሁን ስድስት ነን። እሷ ሁለት ሰው ታውቅ ነበር፣ ሁለቱ ሌላ ሁለት አመጡ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎን ለጎን እንንበረከካለን፣ አብረን እንጮኻለን። ለቅሶው እስኪያበቃ ስድስት ቀን ቀርቶናል። እኔ እኮ ልጄ፣ ከአባትሽ በኋላ በሙሳን የቀረሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እነሱም እያንዳንዳቸው እንደዚያው መስሏቸው። ትቼያቸው ወዴት ልሂድ?»

«ወደ እኔ ነዋ!» ጩኸቷ ጎረቤት ደረሰ፣ ይድረስ። «ወደ እኔ! እኔስ? እኔስ ብቻዬን አይደለሁም?» «ነሽ» አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ። «አውቃለሁ። ግን አንቺ ተርፈሻል። እኔ ዛሬ ብጠፋ ነገ የምትጠየቀው ፒልንዮ ናት። እሷም ሰመጠች ብላ ልትጽፍልኝ ነው? በበረዶ ላይ?»

ስልኩ ተቀማ፣ የሆ ፉጨት መጣ። «እህቴ፣ ሁለት ደቂቃ ቀረሽ። ሴትዮዋ ግትር ናት፣ አውቃቸዋለሁ እንዲህ ያሉትን፣ ማዶ ሲደርሱ ያመሰግናሉ። አርባ ኪሎ አትሞላም፣ ተሸክሜያት እሄዳለሁ። አንድ ቃል በይኝና ማታ ከቻይና በኩል አስደውልልሻለሁ።» አንድ ቃል! አንድ ቃል ነው የቀራት። እሺ ብትል እናቷ በወሩ እዚህ ወለል ላይ ትቀመጣለች፣ ትቆጣለች፣ ትለምዳለች፣ የጋዝ ምድጃውን ታሳያታለች፤ አባቷን የወሰዱት ሰዎች ደግሞ የፒልንዮን በር ያንኳኳሉ፣ ጫማዋን እንድታደርግ እንኳ አይጠብቋትም። ፓስተሩ የጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይኸው እዚያ ኮረብታ ላይ ቆሟል፤ ምን አመጣ የእሱ ሞት? ስድስት ሰው ጎን ለጎን አመጣ። ይኼን ለፓስተርም፣ ለቴሌቪዥንም፣ ለማንም አትናገርም፣ ምላሷን ቢቆርጧት አትናገርም። ኦክዳን ግድግዳውን ተደገፈች። እሺ ልትል አፏን ከፈተች፣ ፈጣሪ ያውቃል፣ እሺ ልትል ነበር።

«ተዋት» አለች።

«ምን?» «ተዋት አልኩህ! ጫፏን እንዳትነካ! እጅህን ከላይዋ አንሣ፣ ስልኩን ስጣት!» ሆ የሆነ ነገር አጉተመተመ፣ በቻይንኛ ይሁን በሌላ፣ ከዚያ እናቷ መጣች። «ጎበዝ ልጅ» አለቻት፣ አጭር ትንፋሽ ወሰደች። «በይ እንግዲህ አንድ ነገር አግዢኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደባባይ እንወርዳለን። አራት ቀን አልቅሼ እንባዬ አልቋል፣ ዓይኔ እንደ ጠጠር ደርቋል። ትናንት ካድሬው ጉንጬን አይቶ ስሜን ሊጽፍ እርሳሱን ሲያወጣ ፒልንዮ ያቀፈችኝ መስላ በረዶ ፊቴ ላይ አሸችልኝ፣ ዛሬ ግን ያ አይሆንም፣ ነቅቶብናል። እስቲ የሚያስለቅሰኝ ነገር ንገሪኝ።»

ኦክዳን ስንት ነገር ነበራት፤ አባቷ ነበር፣ ድንቹ ነበር፣ እነዚያ አራት ዓመታት ነበሩ፣ ለማንም ያልነገረቻቸው። ሁሉም ረጅም ናቸው።

«እማዬ» አለች። «እኔና አንቺ ከእንግዲህ በሕይወት አንገናኝም።»

ነፋሱ ነፈሰ። ሆ «በቃ፣ በቃ፣ ዝጊው» ሲል ተሰማ። ከዚያ የእናቷ ትንፋሽ ተቆራረጠ፣ አንድ ድምፅ ወጣት፣ በአደባባይ የማይለቀስ ዓይነት።

«ይኼ እስከ ማታ ይበቃኛል» አለች ቡንዮ። «በይ ልጄ፣ ሳይደርቅ ልውረድ።»